የልብ መጣፊያ

«አሁንስ አትመታም» አለች አክስቷ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ። «ነይ እስቲ አንቺም እያት፤ ያንቺ ዓይን ይሻላል።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጥፍር የምታክል ስስ ቁራጭ እዚሁ ሳህን ላይ ብድግ ቁጭ ስትል አይታለች። ለተጎዳ ልብ መጣፊያ እንድትሆን ከባሕር አልጌ በወጣ ዝልግልግ ነገር ተሠርታ፣ የአይጥ የልብ ሴሎች ተዘርተውባት፣ በራሷ ጊዜ ትመታ ነበር። አክስቷ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ስለሆነች ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ ማለት ትወዳለች። ዛሬ ግን ቁራጯ ጸጥ ብላለች።

«ምን ሆና ነው?»

«አንድ ሳምንት ያህል ትመታለች፣ ከዚያ ትሞትብናለች። ደም የሚያደርስላት የለማ።»

«ሰው ልብ ላይ የምትለጠፈው መቼ ነው ታዲያ?»

«ሰው? ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? ገና ሕይወት ባለው አይጥ ላይ እንኳ አልሞከርናትም! አስር ዓመት በይው፣ እሱም ከቀናን ነው።» አክስቷ ጓንቷን እያወለቀች ፊቷን አጨፈገገች። «ወንድሜ፣ አባትሽ ግን ምን ነካው? ሰኞ በቀዶ ጥገና ልቡ ላይ የሚገባለትን ደም መግፊያ መሣሪያ እምቢ ብሎ ቀጠሮውን ሰርዟል አሉኝ። ስጠይቀው ‹የተሻለ ነገር እየመጣ ነው› ይለኛል። ማን እንዲህ ብሎ እንዳታለለው ባወቅሁ!»

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ «ቤት ልሂድ» ብቻ አለች።

አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከስድስት ወር በፊት መሪ እንደያዘ ልቡን ውጋት ቀስፎ ያዘው፤ እንደምንም መኪናውን ዳር አስይዞ ተሳፋሪዎቹን አተረፈ። ከልቡ ጡንቻ ሲሶው ሞቷል አሉት ሐኪሞቹ፤ የሞተው ጠባሳ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይተካም። ከዚያ ወዲህ ደረጃ መውጣት አቃተው። ቀልዱም ጠፋ፤ ሁለት ሆነው በሚኖሩበት ቤት ልጅቷን ከሁሉ በላይ የከበዳት ይኸው ነበር። ለዚህ ነው በዚያ ማክሰኞ እየሮጠች ገብታ «አባዬ፣ ሠሯት! ትመታለች! በሚቀጥለው ዓመት ላንተ ትለጠፍልሃለች!» ያለችው። ዓመቱን ከራሷ ነው የጨመረችው።

«በይ እንግዲህ ዶክተሬ፣ እንደ ጎማ ልታስለጥፊኝ ነው!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ያን ሳቅ ስትሰማ፣ የጨመረችው ነገር ውሸት መሆኑ እንኳ ትዝ አላላትም።

ቤት ስትደርስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። እግሩ አብጦ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰርጉዷል።

«መጣሽ ዶክተሬ? መጣፊያዬ እንዴት ዋለች? እየመታች ነው?»

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። ሰኞ ሊደርስ ግን የቀረው ሦስት ቀን ነው።

«አትደርስልህም፣ አባዬ» አለችው። «ገና አስር ዓመት ይፈጃል አለች አክስቴ። በሚቀጥለው ዓመት ያልኩህን… እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ለምን?» አላት።

«እንድትስቅ ብዬ።»

«ሳቅሁ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ለመሣሪያውም ለመጣፊያዋም ደረቴን ሁለቴ ከሚከፍቱኝ፣ ልጄ ያለችኝን ልጠብቅ ብዬ ነበር።» ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሆስፒታሉ ደወለች። የቀጠሮ ክፍሏ ሠራተኛ የአባቷን ስም ፈልጋ አገኘችው።

«የሰኞው ተራ ለሌላ ታካሚ ተሰጥቷል፣ እናቴ። አሁን ከተመዘገበ አራት ወር ይጠብቃል።»

«ከዚያ በፊት ምንም የለም?»

«የሚቀር ሰው ካለ እንደውላለን። ልመዝግበው?»

«እባክዎ ይመዝግቡልኝ።»

ስልኩን ዘግታ ስትዞር አባቷ ፊቷን እያየ ነው።

«ምን አሉሽ?»

«አንድ ወር» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብትለው ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ ታውቃለች። ግን ዋጠችው።

«አራት ወር» አለችና አጠገቡ ተቀመጠች።