ደመና የማይሸፍነው ኮከብ

ሰዓት ሠሪው ከገዛ ቤቱ ጣሪያ ወድቆ ጓሮው ውስጥ ሲገኝ ፊቱ ወደ ሰማይ ነበር። ዕድሜ ልኩን አንገቱን አቅንቶ ኮከብ ሲያይ የኖረ ሰው ነውና ሞትም ይህን አመሉን ሊያስጥለው አልቻለም። ትንሽ ሰው ነበር። ሰፈርተኛው ሲያጋንን፣ ነፋስ የበረታ ቀን ኪሱን በመፍቻና በጉጠት ሞልቶ ካልሆነ ከደጅ አይወጣም ይለዋል።

ያገኘችው አንድያ ልጁ ናት። ነርስ ናት፤ ከሌሊት ተራዋ ተመልሳ በጓሮ በር ስትገባ ከሬሳው ጋር ተፋጠጠች። ከአባቷ ጋር ኮከብ ለሚያዩ ሁለት ጓደኞቹ ደወለች። ጋዜጠኛው ቀድሞ ደረሰና ኮቱን አውልቆ አለበሰው፤ ቀጥሎ ፋርማሲስቷ መጣች፤ ከዚያ ፖሊስ። ሳጅኑ ቁርሱን ሳይጨርስ ጉዳዩን ጨረሰ። «ራሱን ጥሏል» አለ። ልጅቱም ሄዳ የመርማሪዋ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

መርማሪዋን ከተማው ሁሉ «እትዬ ለምን» ነው የሚላት። ገና እንደተወለደች አዋላጇን «ለምን በጥፊ መታሽኝ?» ብላ ጠየቀቻት ይባላል። አዋላጇ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘችም።

ጓሮው ስትደርስ ኮቱን ገለጠችና ሬሳውን አየች። የሟቹ ልብስ በሌሊቱ ጉም ርሷል፤ ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል። አንገቱ ላይ ሰዓት ሲፈታ ዓይኑ ላይ የሚሰካት ማጉያ ተንጠልጥላለች። ከደረት ኪሱ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልኩን አወጣች፤ አገላብጣ ጉንጯ ላይ አስደገፈችው፤ ከዚያ ለሳጅኑ ሰጠችው።

«እስቲ ንካው።»

«ነካሁት እትዬ።»

«ምንድን ነው?»

«ስልክ ነዋ።»

«ደረቅ ስልክ ነው» አለች።

ሳጅኑ ይህን አልሰማም፤ የቸኮለው መልእክቱን ሊያሳያት ነበር። «ይኸው ኑዛዜው። ትናንት ማታ ለሁለቱ ጓደኞቹ የላከው አንድ ቃል ነው። ‹ጠራ› ይላል።»

«ማን ጠራ?»

«ሞት ነዋ። ሰው ቀኑ ሲደርስ ሞት ይጠራዋል ይባል የለ?»

«ሞት ከጠራውማ ‹ጠራኝ› አይልም?»

«የጨነቀው ሰው ሰዋስው አይመርጥም እትዬ።»

እስካሁን ግድግዳ ተደግፋ የቆመችው ልጅ ቀና አለች። «‹ጠራ› ማለት ሰማዩ ጠራ ማለት ነው። ደመናው ተገፈፈ፣ ወጥታችሁ እዩ ማለት ነው። እነሱ ሌላ ቃል አይጽፉም።»

«ይሁን፤ ግን የጣሪያው ጠርዝ ግንብ ወገብ ድረስ ይመጣል። ያዳለጠው ሰው ወገብ አይዘልም» አለ ሳጅኑ።

ከአጥሩ ውጭ ጎረቤቶች ቆመው ይንሾካሾካሉ። ራሱን ለጣለ ሰው ማልቀስ ይገባ አይገባ እንደሆነ እየተከራከሩ፣ አንዳቸውም በሩን ገፍቶ አልገባም። ልጅቱ ይህን ሁሉ ትሰማለች።

«እትዬ» አለች፤ «ራሱን ከጣለ እኔንም ጥሎኛል ማለት ነው። ማታ ስወጣ ‹ጠዋት ሻዩን እኔ አፈላለሁ› ብሎኝ ነበር። ሌላ ነገር አልለምንዎትም። ያን ሲለኝ እየዋሸኝ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ብቻ ይንገሩኝ።»

መርማሪዋ ለዚህ «ለምን» አላለችም።

*

ሳጅኑ በመንገድ ላይ አሳቡን ቀየረ። «ከተገደለማ ገዳዩ ፍራሽ ነጋዴው ነው። ጠበኛው እሱ ነው።»

ጠቡን የማያውቅ የለም። ከሰዓት ሠሪው ቤት ትይዩ፣ ከፍራሽ መደብሩ አናት ላይ፣ ፍራሽ ላይ የተኛች ግዙፍ ሴት የተሳለችበት ሰሌዳ ቆሟል። ዙሪያዋ አምፖል ነው። ስትበራ ሰማዩ እንደ ጋለ ምጣድ ይቀላል፤ የሰፈሩ ዶሮዎች ነግቶ እየመሰላቸው ሲጮኹ ያድራሉ። የተኛችው ሴት ሰፈሩን እንቅልፍ ነሳችው።

ፍራሽ ነጋዴው ገና ሳይጠየቅ ላብ በላብ ሆነ። «ተጣልተን ነበር፤ አልክድም። ‹ሰማዬን ሰረቅኸኝ› ይለኛል፤ ‹ሰማይ የአባትህ ርስት ነው ወይ› እለዋለሁ። ግን ከትናንት ወዲያ ማታ ታረቅን።»

«ለምን?»

«ምን አውቄ። ሱቄ መጣና ‹ወንድሜ፣ መብራትህን አንዴ አጥፋልኝና መልሰህ አብራልኝ፤ እኔ ከጣሪያዬ ላይ ሆኜ በኮከብ ማያ መነጽሬ ልይ› አለኝ። ዝናብ ያካፋል። ‹በዚህ ደመና ምን ኮከብ አለ?› ብለው፣ ‹ደመና የማይሸፍነው አንድ አለ› አለኝ። አጠፋሁ፤ አበራሁ። ተመልሶ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። ያሸነፈ ሰው ግን አይመስልም፤ ለቅሶ ደርሶ የተመለሰ ይመስላል።»

«አንተም ኮከብ ትወዳለህ እንዴ?»

«እኔ በሬዲዮ እሰማለሁ እንጂ ቀናም አልል። ያ ጋዜጠኛ ከሰዓት ሠሪው ጣሪያ ላይ አዲስ ኮከብ አግኝቶ በእናቱ ስም ከሰየመ ወዲህ አንድ ዝግጅት አላመለጠኝም። ባለፈው ሳምንት ‹አዲስ ኮከብ አገኘሁ፤ ዓለም የሚያውቀውን የሰሜን ኮከብ ግን እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁም› ሲል ከፍራሽ ፍራሽ እየተንከባለልኩ ሳቅሁ።»

«ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ጠርቶ ያውቃል?»

«የት! እስከ ትናንት ከሰዓት ድረስ ሲዘንብ አልነበር? ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ጉሙ ተተካ።»

ፋርማሲስቷ ከመድኃኒት መደርደሪያዋ ጀርባ ቆማ ዓይኗ አብጧል። የሰዓት ሠሪው የጣሪያ በር መለዋወጫ ቁልፍ እሷ ዘንድ ስለሆነ ሳጅኑ አፍጥጦ ያያታል።

«ቁልፉን ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«ኮከብ ላይበት። ደግሞ በሩ ተቆልፎ አያውቅም፤ የሰው ሰዓት ሲጠግን የራሱ ቁልፍ ዝጎበት ነበር።»

መርማሪዋ ሳጅኑን በክርኗ ገፋ አደረገችው። «ትወጂው ነበር?»

«አዎ» አለች ፋርማሲስቷ፤ «እሱ ግን ከኮከብ በታች ያለውን ነገር አያይም።»

«ያ መልእክት ሲደርስሽ ምን አደረግሽ?»

«ከአልጋዬ ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ። እንዴት ያለ ጉም መሰለዎት! ኮት ቢሰቅሉበት ይይዛል። ያቺ የተኛችዋ እንኳ ከእኔ መስኮት ጠፍታለች። ‹ምን ነካው?› ብዬ መልሼ ተኛሁ። ብወጣ ኖሮ…»

«ሊቀልድብሽ ይሆናላ።»

«በሌላው ሁሉ ይቀልዳል። በ‹ጠራ› አይቀልድም። አንዴ ሰርግ ላይ እያለሁ ‹ጠራ› ብሎ ላከልኝ፤ ሙሽሪትን ሳልስም ሮጥኩ። እውነትም ጠርቶ ነበር።»

«ኮከብ ሊያይ ሲወጣ ምን ይይዛል?»

«ቀይ ባትሪውን። ነጭ መብራት ያየ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ብዙ ይቆያል፤ ስለዚህ መስታወቱን በቀይ ላስቲክ ጠቅልሎታል። ያለሱ አንድ ደረጃ አይወጣም።»

ቀይዋ ባትሪ በሰዓት ሠሪው ሱቅ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላ እንደነበር መርማሪዋ ጠዋቱን አይታለች።

ጋዜጠኛውን ያገኙት በሬዲዮ ጣቢያው ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። የገዛ ድምፁን እያጣጣመ የሚናገር ሰው ነው፤ «ደህና ዋላችሁ» ሲል እንኳ ዜና ያነበበ ይመስላል። ዛሬ ግን ድምፁ ሻክሯል።

«ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ፣ እናቴ ዘንድ። አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች። ዝግጅቴን እያሰናዳሁ ‹ጠራ› የሚለው ደረሰኝ፤ ደክሞኝ ስለነበር አልወጣሁም። ዕድሜ ልኬን የሚቆጨኝ እሱ ነው።»

መርማሪዋ ሞኝ መሰለች። ይህን ስታደርግ የሚያህላት የለም፤ አፏ ሳይቀር ትንሽ ይከፈታል። «እኔስ ከኮከብ የማውቀው አንድ ነው፤ የሰሜን ኮከብን። መጽሐፍ ላይ እንዳየሁት ከአናታችን ላይ እንደ ፋኖስ ተሰቅሎ ነው አይደል የሚኖረው?»

«የለም፣ የለም እትዬ!» ጋዜጠኛው ሐዘኑን ረስቶ ተስተካክሎ ተቀመጠ። «ያ መጽሐፍ የተጻፈው በሰሜን ራቅ ብሎ ለሚኖር ሰው ነው። ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ኮከቡ ከፍ ይላል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ከአድማሱ አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። እዚያው ላይ ደግሞ የከተማው መብራት አለ፤ ይውጠዋል። ከደቡቡ ኮረብታ ላይ ሆነው፣ ከተማው ከታች ጥጥ የተነጠፈበት መስሎ በጉም ሲሸፈን ነው ብቅ የሚለው። ደብዘዝ ያለ ነው፤ ብቸኛ። ሲያዩት ያሳዝናል።»

«አይ መታደል! አየኸዋ?»

«አንድ ጊዜ» አለና ማይክሮፎኑን አስተካከለ። «ድሮ።»

*

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሰዓት ሠሪው ሱቅ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች የሚገሥጻቸው አጥተው እያንዳንዳቸው የፈቀዱትን ሰዓት ይናገራሉ። ልጅቱ በአባቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መርማሪዋ መስኮቱን ከፈተችው፤ ውጭ ያሉት ጎረቤቶች ጆሮ ሲዘረጉ አይታ «ቀረብ በሉ፤ ተሰርቆ ከሚሰማ ደህና አድርጎ ቢሰማ ይሻላል» አለቻቸው።

«በስልኩ እንጀምር» አለች። «ሟቹ ሌሊቱን ጉም ውስጥ አድሮ እስከ ቆዳው ርሷል። ደረት ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ደረቅ ነው። ለምን?»

«ኪሱ ውስጥ ስላላደረ» አለ ሳጅኑ፤ ብሎም በራሱ ተገረመ።

«ስለዚህ ጠዋት የከተተው ሰው አለ። ሬሳው አጠገብ ቀድሞ የደረሰው፣ ኮት አለብሳለሁ ብሎ የጎነበሰው ማን ነው?»

ጋዜጠኛው ፈገግ ሊል ሞከረ። «ሐዘኔን ወንጀል አደረጉት እትዬ።»

«ቆይ። ‹ጠራ› የሚለው ሲላክ ከተማው ጉም ውጦት ነበር። ሰዓት ሠሪው ደግሞ በዚህ ቃል አይቀልድም። ታዲያ ማን ላከው? ሰማዩ የጠራለት ሰው። ትናንት ማታ ሰማይ የጠራው ከጉሙ በላይ ነው፤ ኮረብታው ላይ። እዚያ የቆመ ሰው ቀና ሲል ኮከቡ ተዘርግፏል፤ ከታች ያለነው እጃችንን እንደማናይ ትዝ አላለውም። ቃሉን ሌላ ሰው ቢሆን አያውቀውም፤ ፍራሽ ነጋዴው ‹ጠራ› ቢል ደንበኛ ጠራ ማለቱ ነው።»

«እውነት ነው» አለ ፍራሽ ነጋዴው በፍጥነት።

«ቃሉን ከሚያውቁት ሁለት ሰዎች አንዷ መስኮቷን ከፍታ ጉሙን አየች። ሌላው ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ የሰሜን ኮከብን አይቼ አላውቅም አለ፤ ዛሬ ግን ድብዝዝ ማለቱን፣ ብቸኝነቱን፣ ከተማው ከታች እንደ ጥጥ መነጠፉን ነገረኝ። በመሀል ያለው ሳምንት ዝናብ ነው። ያለ ትናንት ማታ ሌላ ማታ የለህም፣ ልጄ።»

ሰዓቶቹ ይንቀጫቀጫሉ።

«የቀረው ‹ለምን› ነው። ደመና የማይሸፍነው ኮከብ ምን ዓይነት ነው? የተኛችው ሴት ስትጠፋ የሚጠፋ፣ ስትበራ የሚበራ። አገኘሁት ያልከው አዲስ ኮከብ በመነጽሩ መስታወት ውስጥ የሚንጸባረቅ የሰሌዳው አምፖል ነው። ሰዓት ሠሪው ደርሶበት አዘነ፤ ምክንያቱም በእናትህ ስም ተሰይሟል። ትናንት ማታ ሥራ ላይ ሳለ መጣህ፤ ማጉያው ከአንገቱ ሳይወርድ፣ ቀይ ባትሪውን ሳይዝ ይዞህ ወጣ። ኮከብ ሊያሳይህ አልነበረም። አምፖል ሊያሳይህ ነው።»

«ለጣቢያው እንደውል አለኝ» አለ ጋዜጠኛው። አሁን የሚናገረው በተራ ሰው ድምፅ ነበር። «‹ስህተት ነው በል፤ ሰው ሁሉ ይሳሳታል› አለኝ። እናቴ ሬዲዮኑን ከትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። ስሟ ሰማይ ላይ ነው ብላ መብላት ጀምራ ነበር። ስልኩን ከእጁ ነጠቅሁት፤ ሊያስመልሰኝ ያዘኝ፤ ገፋሁት። ይህን ያህል ቀላል ሰው አይመስለኝም ነበር። ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ድምፁን እንኳ ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ኮረብታው ድረስ የነዳሁት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከመኪናዬ ስወርድ ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ሰማዩን አየሁ… ኮከብ ሊያይ ብቻውን ወጥቶ ወደቀ ይባላል ብዬ ላኩት።»

ፋርማሲስቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

መርማሪዋ ወደ ልጅቱ ዞረች። «አባትሽ አልዋሸሽም። ጠዋት ሻይ ሊያፈላ ነበር።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣት ለቅሶ ወጣ። ከመስኮቱ ውጭ አንዲት ጎረቤት ተቀበለቻት፤ ቀጥሎ ሌላዋ፤ በሩም ተገፍቶ ተከፈተና ሱቁ በሰው ሞላ። ማንም ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ጊዜውም አልነበረም።

ሳጅኑ ጋዜጠኛውን ክንዱን ይዞ በሰው መሀል ሲያወጣው፣ ልጅቱ አጠገብ ሲደርሱ ጋዜጠኛው ቆመ።

«እናቴን የምትወጊያት አንቺ ነሽ» አላት፤ ዓይኗን ሳያይ። «ነገ መርፌዋ አለ።»

ፍራሽ ነጋዴው ሊሰድበው አፉን ከፈተና መርማሪዋ ስታየው ዘጋው።

«እሄዳለሁ» አለች ልጅቱ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እሷ ምን አደረገች? ግን ‹ልጄ የት ሄደ?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ቃል ሥራው የሆነው ሰው ከንፈሩን አላቀቀ። ከዚያ መልሶ ገጠመው። ሳጅኑ ጎተት አደረገው።

«እሺ» አለች ልጅቱ፤ «መንገድ ላይ አስብበታለሁ።»