የመሣሪያው ክፍል ወለል

ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የሚል ጅግጅጋ ሄዶ ኬሪያን ይጠይቃት... ከመለሰችለት።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነው። ፀሐይ አናት የምትበሳበት፣ ከተማው ሁሉ ጋደም የሚልበት ሰዓት።

ኬሪያ የምትሠራው ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ የሚገባ ዘይትና የዱቄት ወተት በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። የመመርመሪያው መሣሪያ የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ፈሳሹ ከሲሊንደሩ ሲወጣ ጋዝ ይሆናል። አይታይም፣ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ላይ ይተኛል። እዚያ ዝቅ ብሎ የተነፈሰ ሰው ሳይታወቀው ያሸልበዋል።

ለዚህ ነው የመሣሪያው ክፍል መስኮት የማይዘጋው። የጋዝ ማንቂያውም ከግድግዳው ግርጌ የተሰቀለው ለዚህ ነው።

አምና ግን ነፋሱ አቧራ እያስገባ ሲያስቸግራት ኬሪያ መስኮቱን ዘጋችው። ማንቂያው ጮኸ። ጩኸቱ ሲያታክታት ባትሪውን አወጣች፤ ማንቂያውንም ነቅላ ከባትሪው ጋር መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

የጽዳት ሠራተኛዋ ቢሻሮ ይህን አላወቀችም። የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰገደች። ከዚያ እንደ ልማዷ ከቤቱ ሁሉ በሚቀዘቅዘው በዚያ ክፍል ሰሌኗን ዘርግታ ጋደም አለች...

አልተነሣችም።

ልቧ ነው ተባለ። ኬሪያም ልቧ ነው አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዘንድሮ በቢሻሮ ቦታ ልጇ ሂንዳ ተቀጠረች። ልጅቷ ሥራ በጀመረችበት ቀን ኬሪያ ወደ መሣሪያው ክፍል ሄደች። መስኮቱን በራሷ እጅ ከፈተችው። ማንቂያውን ግን መልሳ አልሰቀለችም። እስከ ዛሬ የት ነበር ቢባልስ?

አንድ ቀን፣ ልክ በስምንት ሰዓት...

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

ድምፁን ታውቀዋለች። መሳቢያዋን በቁልፍ ከፈተች።

ባትሪው አለ።

ማንቂያው የለም።

ሮጠች። ሂንዳ አቧራውን ሸሽታ መስኮቱን ዘግታዋለች፤ ለምን እንደማይዘጋ የነገራት የለም። የሲሊንደሩ ቱቦ አፈትልኮ ያፏጫል። በኃይል የሚወጣው ፈሳሽ በረዶ ሆኖ ወለሉን እንደ ዱቄት ሸፍኖታል። ሂንዳ በእናቷ ሰሌን ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

ኬሪያ ትንፋሿን ይዛ ጎተተቻት። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ነው የተነፈሰችው።

"ተኝቼ ነበር..." አለች ሂንዳ በሹክሹክታ። "እናቴ ቀሰቀሰችኝ።"

"ሂንዳ..."

"ተነሺ አለችኝ። ይሄን እጄ ላይ አስቀመጠች።"

ማንቂያው ነበር። የባትሪው ቦታ ክፍት ነው፣ ባዶ። ግን ይጮኻል።

"አባዮ፣ እህቴ ኬሪያ... ይሄ የት ነበር?"

ኬሪያ ልትዋሽ አፏን ከፈተች። አልሆነላትም።

"እኔ ጋ" አለች። "እናትሽ የሞተችበት ቀንም... እኔ ጋ ነበር።"

ማንቂያው ዝም አለ።

ሂንዳ አላለቀሰችም። በተከፈተው በር ወደ ወለሉ ብቻ ትመለከት ነበር። ኬሪያም ዞራ አየች። ከሰሌኑ ፊት፣ በረዶው ላይ፣ የሁለት መዳፍና የአንድ ግንባር ቅርጽ ታትሟል።

ሂንዳ ገና አልሰገደችም ነበር።