ድንቡሼና አሥራ አንዱ ቀያይ ተሳፋሪዎች

ድንቡሼ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከእናቷና ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። ድንቡሼ ያሏት ሕፃን ሳለች ጉንጮቿ ድንቡሽ ያሉ ስለነበሩ ነው። ኋላ ቀጥና የክብሪት እንጨት መሰለች፤ ስሙ ግን እንደተለጠፈባት ቀረ። አትሳቁባት ልጆች፤ ከእናንተም መካከል ከስሙ ጋር የማይመሳሰል አለ።

አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ስንት ሰው እንደተሳፈረና ስንት እንደወረደ ዞር ሳይሉ ያውቁ ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጡ የሚነዱት መኪና፣ የሚቆጥሩት ተሳፋሪ ስላጡ አንዲት ተክል በሸክላ ተክለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። ቦክስቤሪ ትባላለች። ቁመቷ ከስንዝር አይበልጥም። ቅጠሏ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በጣት ሲያሹት የሳል ከረሜላ ይሸታል። ፍሬዋ ቀይ ነው፣ ከሽምብራ ጥቂት ከፍ ይላል። ያኔ አሥራ አንድ ፍሬ ነበራት። አያትየው ተሳፋሪዎቼ ይሏቸው ነበር።

አያቷ ግራ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል። በዚያ ዓመት ቀኙም ደከመና ሐኪም ቤት ሄደው ታከሙ። ሐኪሙ ዓይናቸውን አሽጎ ለጥቂት ሳምንታት እንዳይፈታ አዘዘ። አያትየው ድንቡሼን ጠሩና ተክሊቱን አደራ ሰጧት። ሲፈታልኝ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው እነዚያን ቀያይ ፍሬዎች ነው አሏት።

አጠጣጡንም አስተማሯት። ጣትሽን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ስደጂ፤ እርጥብ ከሆነ ተያት። ላዩ ደርቆ ውስጡም ሊደርቅ ሲል ብቻ አጠጫት። የቧንቧውን ውኃ ተይውና ባልዲው ውስጥ ካጠራቀምነው የዝናብ ውኃ ቅጅላት፤ የቧንቧችን ውኃ ኖራ ስላለው አይስማማትም። ከሸክላው ሥር ጠብ ሲል አቁሚ፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውንም ድፊው። እርጥበት ትወዳለች፤ ጭቃ ግን ይገድላታል አሏት። ይህን ሁሉ ሲናገሩ በጣታቸው እያሳዩ ነው። እኔ ብዙ አስተማሪ አይቻለሁ፤ ዓይኑ ታሽጎ እንዲህ አጥርቶ የሚያስተምር ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

መጀመሪያ ድንቡሼ እንደተባለችው አደረገች። ከዚያ የሚጠይቋቸው ሰዎች ይመጡ ጀመር። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ስትገባ ድንቡሼ እያጠጣች ነበር። «ውይ፣ ይቺን የመሰለች ልጅ! ማን እንዲህ አሳደገሽ?» አለች። አያትየውም ውኃው ሲፈስ ሰሙና «ተባረኪ፣ እደጊ» ብለው መረቋት።

ምርቃት ይጣፍጣል ልጆች፤ አይጣፍጥም ብዬ አልዋሻችሁም። ድንቡሼም ጣፈጣት። በማግስቱ የቀድሞው የአውቶቡሱ ረዳት ሊጠይቅ ሲመጣ ሮጣ ከቧንቧው ቀዳች፤ ባልዲው ደጅ ስለሆነ ሩቅ ነበር። ጆጓን ከፍ አድርጋ፣ አያቷ እንዲሰሙት ድምፅ እያሰማች አፈሰሰችው። እንደገና ተመረቀች። ለተክሊቱ አንድ ብርጭቆ ይበቃት ነበር። እሷ ግን በእንግዳ ቁጥር ታጠጣት ጀመር፤ አምስት ሰው ከመጣ አምስት ብርጭቆ። ጣቷን አፈሩ ውስጥ መስደዱን ተወችው። ጣት ውስጥ ሲገባ ድምፅ የለውም፤ የሚመርቅም የለም።

አያቷ ጠዋት ጠዋት ይጠይቋታል። «ዛሬ ስንት ተሳፋሪ አለን?»

«አሥራ አንድ፣ አባባ።»

«ወራጅ የለም?»

«የለም።»

አንድ ቀን ግን ሁለት ፍሬ ወድቆ አገኘች። ቅጠሎቹ ዳር ዳራቸው ጠቁሯል። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ ሽታ አምጥቷል። ደነገጠችና ፍሬዎቹን አንሥታ እርሳስ መያዣዋ ውስጥ ደበቀቻቸው። አያቷ ሲጠይቋት አሁንም አሥራ አንድ አለች። በሌላው ቀን ሦስት ወደቀ። ከዚያ ደግሞ አራት። እርሳስ መያዣው ውስጥ ዘጠኝ፣ ተክሊቱ ላይ ሁለት ቀረ።

ያን ሰሞን በማታው ጸሎት ይቅርታ የሚለመንበት ቦታ ሲደረስ የድንቡሼ ድምፅ ይጠፋ ነበር። እናቷ ጉሮሮዋን ያመማት መስሏት ሙቅ ውኃ አጠጣቻት።

ነገ የአያቷ ዓይን ሊፈታ፣ ዛሬ ድንቡሼ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄዳ ዘጠኝ ቀይ ዶቃ ለመነች። በክር እያሰረች ቅርንጫፎቹ ላይ አንጠለጠለቻቸው። ያምራል። ከክፍሉ ጫፍ ለሚያየው ሰው፣ ያውም ገና ለዳነ ዓይን፣ ከእውነተኛው አይለይም። ማንም አላያትም። ማንም አይነቃባትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ሄዱና ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አያቷ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፈገግ እንዳሉ ነው።

«ነገ እንግዲህ አያቸዋለሁ። ስንት ተሳፋሪ አለን?»

አሥራ አንድ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። እነዚያን የታሸጉ ዓይኖች አየች። እነሱ ግን ሊያዩዋት አይችሉም። ይሄኔ እንባዋ መጣ።

«አባባ፣ ወራጅ አለ።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «ስንት?»

«ዘጠኝ። ከወረዱ ቆይተዋል። እኔ ነኝ ያልነገርኩዎት።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የቧንቧውን ውኃ፣ ከፍ አድርጋ ማፍሰሷን፣ እርሳስ መያዣውን፣ ዶቃውን። አያቷ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ተክሊቱን አምጪልኝ አሏት። ሸክላውን አነሡት፤ እንደ ድንጋይ ከብዷል። ቅጠሉን ዳሰሱ፤ ጣታቸው አንድ ዶቃ ላይ ቆመ። እያገላበጡ ነካኩት።

«ይቺኛዋ ትኬት የላትም» አሉ።

ድንቡሼ እያለቀሰች ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ውኃው ሲፈስ በሰማሁ ቁጥር ስመርቅሽ ነበር። ለካ የምታጠጪው ጆሮዬን ነው፤ ተክሊቱ በመሃል ሰጠመች። አዝኛለሁ። ግን የማያይ ሰው ፊት እውነቱን ተናግረሻል። ተባረኪ፤ ይህን የዛሬውን ምርቃት መልሼ አልወስደውም።»

ከዚያ ወደ ሥራ ገቡ። የእሷ ዓይኖችና የእሳቸው እጆች አብረው ሠሩ። ዶቃዎቹን ፈቱ። ተክሊቱን ከሸክላው አወጧት፤ የሸክላው ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ ነበር። ብዙው ሥር በስብሶ ጠቁሯል። ድንቡሼ እያየች «ይሄ ነጭ ነው፣ ይሄ ጥቁር ነው» ትላለች፤ አያትየው የጠቆረውን በመቀስ ይቆርጣሉ። ልል የሆነ አዲስ አፈር ከጥድ ቅርፊት ስባሪ ጋር ደባልቀው መልሰው ተከሏት። ድንቡሼ ከባልዲው የዝናብ ውኃ አምጥታ በዳር በዳሩ ቀስ ብላ አጠጣች። ምንም ድምፅ አልተሰማም።

በማግስቱ ሐኪሙ ማሸጊያውን ፈታው። አያትየው ወደ ቤት ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙና ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ወደ መስኮቱ አዩ።

«ያን መስኮቱ ላይ የፈሰሰ አፈር ማነው ሳይጠርግ የተወው?» አሉ።

ከዚያ ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ። «አንድ፣ ሁለት» ብለው ቆጠሩ። የድንቡሼን ራስ ዳበስ አደረጉ። «አልሞላም። ግን ሾፌር ሁለት ሰው ይዞም ይሄዳል።»

ተክሊቱ ቶሎ አላገገመችም። ወራት ፈጀባት። ድንቡሼ ግን በየጠዋቱ ማንም ሳይነሣ ጣቷን አፈሩ ውስጥ እየሰደደች ታይ ነበር። አንዳንድ ቀን ታጠጣለች፤ ብዙውን ቀን ትተዋለች። ከዚያ ከሥሯ አዲስ ቅጠል ወጣ፤ ቆይቶም ደወል የሚመስሉ ነጫጭ አበቦች።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ መጣች። «እስቲ አንዴ አጠጪያትና ልይሽ፤ አጠጣጥሽ ደስ ይለኛል» አለቻት። ድንቡሼ ጆጓን አነሣች። ከዚያ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰድዳ አወጣችና ጆጓን መልሳ አስቀመጠችው።

«ዛሬ አልጠማትም» አለች፤ ወደ ቤት ሥራዋም ተመለሰች።

ልብስ ሰፊዋ ትንሽ ቅር አላት። አያትየው ከጋዜጣቸው ቀና ብለው በዚያ በዳነ ዓይናቸው የልጅቷን ጣት አዩት፤ ጥፍሯ ሥር አፈር አለ። ወደ ጋዜጣቸውም ተመለሱ። ድንቡሼም ምርቃት አልጠበቀችም።

ልጆቼ፣ መልካም ሥራ የሚሠራው ለሚያየን ሰው ሳይሆን ሥራው ለሚያስፈልገው ነው።