የብሎኔ ፍሬን

ቀያሹን ሞቶ ያገኘው ብሎኔ ነው፤ ጣጣውም ከዚያ ጀመረ። ብሎኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ ሰዉ የወጣለትን ስም ረስቶ በብሎን የሚጠራው። እንደ ልማዱ የተበላሸበት ካለ ሊጠግን ከጉዞ ጓደኞቹ ሁሉ ኋላ ሆኖ፣ በጫካው ኮረኮንች ቀስ እያለ ሲመጣ፣ ከእንጨቱ ድልድይ ሥር ቢጫ ጃኬት አየ። ያንን የጫካ መንገድ አስሶ ያወጣው፣ ብስክሌተኛ ሁሉ «ቀያሹ» የሚለው ሰው፣ አንገቱ ተሰብሮ ብስክሌቱ አጠገብ ተዘርሯል። የፊት ፍሬኑ ሽቦ ከማሰሪያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

ያንን ፍሬን የዚያኑ ቀን ጧት ያጠበቀው ማን ሆነና? ብሎኔ ራሱ!

ቀድመው የደረሱት በስልክ ተጠርተው፣ ሬሳውንና ብስክሌቱን ተሸክመው፣ ከድልድዩ አምስት ደቂቃ ወደምትርቀው ማረፊያ ቤት እንደደረሱ ዝናቡ ወረደ። ምን መውረድ ነው፣ ተዘረገፈ እንጂ! ድልድዩን ወንዙ ይዞት ሄደ። ከቤቷ ወዲያ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው መሻገሪያም በውሃ ተዋጠ። ፖሊስ በስልክ «ውሃው እስኪጎድል ንቅንቅ እንዳትሉ» አላቸው። አምስት ሰው በሁለት ክፍል፣ ሬሳውና ብስክሌቱ ጓሮ ባለው መጋዘን፣ ሁለት ቀን ሙሉ።

«ወንድሜን የበላኸው አንተ ነህ!» የሟች ታናሽ ወንድም የብሎኔን ኮሌታ በያዘ ቁጥር፣ የመንገዱን ካርታ የሚሥለው መምህር ይገላግላል። «ዕድሜ ልክህን መፍቻ እንዳትነካ ባላደርግህ እኔ አይደለሁም!»

መጀመሪያ ላይ ብሎኔ ይሟገት ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን ራሱን መጠራጠር ጀመረ። አጥብቄው ነበር? ወይስ ሰው ጠርቶኝ ሳልጨርስ ተውኩት? ሃያ ዓመት የለፋበት ስሙ፣ የልጆቹ ጉሮሮ፣ የገዛ ነፃነቱ ሳይቀር አንዲት ብሎን ላይ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው እየተጠጋው የሚመጣ መሰለው፤ በሩን ቢከፍተው ደግሞ ውሃ ነው። አይዞህ ብላ ሻይ የምታቀብለው የማረፊያዋ ባለቤት ብቻ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ብቻዋን የያዘች፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላት ሴት።

አምስተኛዋ ኢንስፔክተሯ ናት። ሠላሳ ዓመት የትራፊክ አደጋ ስትመረምር ኖራ፣ ጡረታ ወጥታ በብስክሌት ልትናፈስ ብትመጣ ሬሳ ይጠብቃታል! የመጋዘኑን ቁልፍ ሬሳው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ከኪሷ አላወጣችውም። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ብሎኔን ጠራችው።

«ና፣ ብስክሌቱን አብረን እንየው።»

«እኔ እኮ ተጠርጣሪ ነኝ ኢንስፔክተር።»

«ለዚሁ ነው የፈለግሁህ። እነሱ ፈርደው ጨርሰዋል፤ አንተ ግን ገና ታያለህ።»

መጋዘን ውስጥ፣ ብሎኔ አንሶላ ወደ ለበሰው ሬሳ ላለማየት አንገቱን አዞረ። እሷ ከፍሬኑ ይልቅ የፊት ጎማውን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች።

«ንካው።»

ነካው። ድንጋይ ነው። የኋላውም ያው።

«እንዴ! ይኼማ ለአስፋልት የተነፋ ነው። ኮረኮንች ላይ እንዲህ ሆኖ ከተሄደ ያነጥራል፣ ያንሸራትታል። እሱ ደግሞ ጫካው መግቢያ ላይ አቁሞ ሁላችንንም ጎማ አላስተነፈሰንም? የራሱን እኮ ነው መጀመሪያ ያስተነፈሰው!»

«አይቻለሁ። ይኼን ያህል የሚነፋው በምንድን ነው?»

«በእጅ መንፊያ ከተለፋ ይሆናል። አለዚያ እዚህ በረንዳ ላይ ባለው ትልቁ ፓምፕ ነው።»

«በል ለማንም እንዳትተነፍስ» ብላ በሩን ቆለፈች።

መምህሩ የራሰ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያደርቃል፤ ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ቆመች።

«መምህር፣ የሟች የእጅ መንፊያ የት ገባ?»

«እኔ ጋ ነው። የኔው ቢሰበር ጧት አዋሰኝ። ይኸው።»

«ጧት ሌላ ምን አወራችሁ?»

መምህሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከመጪው ወር ጀምሮ ይኼን የጫካ መንገድ ሊተወው ነበር። በሐይቁ ዳር፣ የድሮው የባቡር ሐዲድ ተነቅሎ ለብስክሌት በተደለደለው መንገድ ሊወስደን። ‹ለእትዬ ስደርስ ራሴ ነው የምነግራቸው፤ እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል› አለኝ። አላልኩም።»

ታናሽየው መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል።

«ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ከእናንተ አሥር ደቂቃ ብቀድም ነው። ‹ከፊታችን የሄደው ወንድሜስ?› ብል እትዬ ‹አልመጣም› አሉኝ። ግን ምን ያስጠይቃል? ገዳዩ ይኸው ተቀምጦ የለም!»

እትዬ ማጀት ብርጭቆ ታጥባለች።

«ቀያሹ እዚህ ደርሶ ነበር?»

«አልደረሰም ስልዎ! መጀመሪያ የመጣው ታናሽየው ነው።»

«እሱ ቢሞት የሚጠቀም ይኖር ይሆን?»

«ኧረ የምን መጠቀም! በዚያ በሐይቁ ዳር መንገድስ ከእንግዲህ ማን ይመራችኋል?»

«እውነትዎን ነው» አለችና ኢንስፔክተሯ ወጣች።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። መቼም የሚሄዱበት የለ፤ ተቀመጡ። ብሎኔ እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

«ሟች ጫካው መግቢያ ላይ ጎማውን አስተነፈሰ፤ ሁላችንም አይተናል» አለች። «ሲሞት ግን ጎማው ጢም ብሎ ተነፍቶ ነበር። መንፊያው መምህሩ ጋ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ኪስ ስለነበር ከሞተ በኋላ የነፋለት የለም። ታዲያ የት ነፋው?»

«በረንዳው ላይ!» አለ ብሎኔ ሳይታወቀው።

«በረንዳው ላይ። እንግዲያው ቀያሹ ድልድዩን በደህና ተሻግሮ፣ እዚህ ደርሶ፣ ለአስፋልቱ ጎማውን ነፍቶ ነበር። የብሎኔ ፍሬን ጫካውን ሁሉ አሳልፎታል። ወደ ድልድዩ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኛ ስናልፍ ድልድዩ ላይ አልነበረም፣ ብሎኔ ደግሞ ገና ከኋላችን ነበር። ሽቦው ተጎትቶ ወጥቶ ቢሆን ጫፉ ይበጣጠስ ነበር፤ ምንም አልሆነም። ብሎኑን የሆነ ሰው በመፍቻ ፈቶታል።»

ታናሽየው ብድግ አለ። «እኔን ሊሉኝ ነው?»

«ቁጭ በል። አንተ ብትሆን ኖሮ እትዬ ‹መጥቶ ነበር፣ ተመልሶ ሄደ› ለማለት ምን ያግዳቸዋል? የመጣውን ሰው አልመጣም ያሉት እሳቸው ናቸው። የሐይቁን መንገድ ደግሞ ሟች ለመምህሩ ብቻ ነው የነገረው፤ ለእርስዎ ሲደርስ ሊነግርዎት ነበር። ካልደረሰ ማን ነገረዎት እትዬ?»

እትዬ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ብትክድም ማንም አይሰማትም ነበር፤ እሷም አልሞከረችም።

«ጎማውን እየነፋ ነው የነገረኝ። ቀና እንኳ አላለም። ‹ከመጪው ወር ጀምሮ በዚህ አናልፍም እትዬ፣ እርስዎም ይረፉ› አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት! ባሌ እዚህ ጓሮ ነው የተቀበረው። ሰው ካላለፈበት ይኼ ቤት ምኑ ቤት ነው? ‹የድልድዩ ሳንቃ ላልቷል፣ እነዚያ ሳይደርሱ እይልኝ› ብዬ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ይዤው ሄድኩ። በእውነትም ላልቶ ነበር። እግሩ ላይ መውደቅ ነው የቀረኝ፣ ለመንኩት። ጎንበስ ብሎ ሳንቃውን አየና ‹ይተዉት፣ ከእንግዲህ ማን ያልፍበታል?› አለኝ። ገፋሁት። በገዛ መፍቻው ሽቦውን ፈትቼ ብስክሌቱን ወረወርኩት።»

«እኔስ?» አለ ብሎኔ። «ሁለት ቀን በቁሜ ሲበሉኝ ሻይ ያቀብሉኝ ነበር። እኔ ምን አድርጌዎት ነው?»

«አንተማ ሙያ አለህ። ሌላ ቦታ ሄደህ ትሠራለህ ብዬ...»

«ሰው ገደለ የተባለ ጠጋኝ የማንን ፍሬን ይነካል እትዬ?»

መምህሩ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ጓዳ እንቆልፍባት ሲል ፈገግ አለች። «አትድከሙ። መሄድ የምችል ሴት ብሆን ኖሮ እሱ መች ይሞት ነበር?»

ብሎኔ በረንዳው ላይ ወጥቶ አለቀሰ። አላፈረም። ታናሽየው ተከትሎት ወጣና ግድግዳ ላይ የተደገፈ ብስክሌቱን እየገፋ አመጣው።

«አጥብቄው ነበር» አለ ብሎኔ።

«አጥብቀኸው ነበር። ይቅር በለኝ።» ታናሽየው ብስክሌቱን ፊቱ አቆመለት። «ውሃው ሲጎድል በዚህ ነው የምወጣው። እባክህ ፍሬኑን እይልኝ፤ አንተ ካላየኸው አልቀመጥበትም።»

ብሎኔ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ መፍቻውን ከኪሱ አወጣ። ብሎኑን አንዴ አጠበቀው፤ ከዚያ ደግሞ ሁለተኛ ሞከረው።