በስፒከሩ የመጣው ሰው

ኤልሳቤት የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተንበረከከችው ከትልቁ ስፒከር ሥር ነበር። ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ በኪራይ በተያዘው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ኳየሩ ለጸሎት ተሰብስቧል። ማይኩ እንደተከፈተ መድረኩ ላይ ተቀምጧል፤ ሁሉም በየፊናው ይጸልያል። የእሷ ጸሎት አንድ ነው። ጊጊሪ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት በአስተርጓሚነት ጄኔቫ ሊልካት ወስኗል። የሰማ ሁሉ እልል ብሎላታል፤ እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

«ጌታ ሆይ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? አንድ ቃል ብቻ ንገረኝ...»

ስፒከሩ ቋ አለ። ቀጥሎ ረጋ ያለ፣ ሞቅ ያለ የወንድ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«እዚያው ይቆዩ። የትም አይሂዱ። እኔ እዚሁ ነኝ... እየሰማሁዎት ነው።»

መድረኩ ላይ ሰው የለም። ማይኩን የነካው የለም። የጸሎቱ መሪ፣ የኤልሳቤት እናት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ በግንባራቸው መሬት ላይ ተደፉ። የኤልሳቤት እንባ ዱብ ዱብ አለ። ጠይቃ ሳትጨርስ ነው የተመለሰላት!

እሑድ ለምስክርነት ወጣች። እዚያ ቤት ጌታ አንድ ነገር ያደረገለት ሰው ማይክ ይዞ በጉባኤው ፊት ይናገራል። አንዴ ከተናገረው በኋላ ነገሩ የእሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የሁሉም ይሆናል። «ጌታ ቆዪ ብሎኛል» አለች። አዳራሹ በአሜን ተናወጠ፤ እናቷም ሻርፓቸውን እያውለበለቡ አለቀሱ። ሰኞ ጊጊሪ ገብታ አለቃዋን «አልሄድም» አለቻቸው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ማይኮቹን ልታዘጋጅ ብቻዋን ቀድማ መጣች። ማጉያውን ከማብራቷ ያ ድምፅ መጣ። ኤልሳቤት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በቆመችበት ቀረች።

«አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ... ሽሮዬ ገነፈለ።»

ሽሮ? እንደ ደነገጠች ወደ ውጭ ወጣች። ቀና ስትል ከጎረቤቱ ፎቅ ጣሪያ እስከ ውሃ ታንከሩ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ አየች። ባለፈው ወር ያልነበረ ሽቦ ነው። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

ጣሪያው ላይ ያለችው የአንዲት ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንድ ወጣት በአንድ እጁ ጭልፋ፣ በሌላው ማይክ ይዞ ቆሟል። ክፍሏ ሽሮ ሽሮ ትሸታለች።

«አንተ ነህ?»

«ማን?»

«ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ይቆዩ፣ አይሂዱ ያልከው!»

«ጋሽ ባንታየሁን ይሆናል... ናኩሩ ከተማ ነው ያሉት። በሬዲዮ እናወራለን። መስመር ልቀይር ሲሉኝ ነበር።» ዓይኑን አፈጠጠ። «አንቺ እንዴት ሰማሽ?»

«በቤተ ክርስቲያን ስፒከር።»

ጭልፋው ከእጁ ወደቀ።

«ፖሌ ሳና፣ በጣም ይቅርታ፣ እህቴ። የማይካችሁ ገመድ ረጅም ነው፣ አይደል? ገና ሰፈር መቀየሬ ነው፣ ቅርብ መሆናችሁን አላወቅኩም። ገመዱ እንደ አንቴና ሆኖ ድምፄን ይለቅመዋል። የጋሽ ባንታየሁ ሩቅ ስለሆነ አይሰማችሁም፤ የኔ ብቻ ነው የሚገባው። ዛሬውኑ መጥቼ አስተካክልላችኋለሁ።»

ልትሰድበው ነበር የወጣችው። እግዜር ያውቃል፣ ስድቡን ደረጃው ላይ አዘጋጅታ ጨርሳለች። ግን ከጀርባው ያለውን ነገር አየችና አፏ ተያዘ።

ጣውላ ላይ የቆሙ፣ በድሮ ሬዲዮ ውስጥ የሚገኙ ዓይነት የመስታወት ቫልቮች ናቸው። ትንንሾቹ አውራ ጣት ያህላሉ፤ አንደኛው የለስላሳ ጠርሙስ ያክላል። ሆዳቸው ውስጥ ቀጫጭን ክሮች እንደ ፍም ቀልተው ይበራሉ። ሐምሌ ነበርና ናይሮቢ ብርድ ነው፤ ክፍሏ ግን በእነሱ ሞቃለች። ስክሪን የላቸው፣ ቁልፍ የላቸው። ሽቦና ብረት፣ መስታወትና እሳት ብቻ።

«ከየት ነው የገዛኸው?» አለች፤ ድምፅዋ ሳይታወቃት ዝቅ ብሏል።

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ቫልቮቹን ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ለቀምኩ። ትራንስፎርመሩን በእጄ ጠመጠምኩት። እጅሽን ግን ወደዚያ አታስጠጊ፣ ይገድላል።»

ስሙ ቃለአብ ነው። ሥራው ኪሌሌሽዋ ባሉ ፎቆች ሊፍት መጠገን ነው። ቅዳሜን ግን ለማንም አይሰጥም፤ ለፍቅሩ ብሎ የያዘው የአማተር ሬዲዮ ቀን ነው፣ ፈቃዱም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ዋትስአፕ እያለ ምን ያደርግልሃል?»

ቃለአብ የአንቴናውን ሽቦ ነቅሎ በቦታው አንድ ተራ አምፖል አሰረና ማይኩን ሰጣት።

«አሁን ድምፅሽ ከዚህ ክፍል አይወጣም። አምፖሉ ላይ ነው የሚያርፈው። ተናገሪ።»

«ምን ልበል?»

አምፖሉ ደመቅ አለ። ኤልሳቤት ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

«ምንድነው እሱ?» አለች፤ አምፖሉ እንደገና ደመቀ። ዝም ስትል እሱም ደብዘዝ ብሎ ይጠብቃታል።

ዘማሪ ናትና ሌላ ምን ታደርጋለች? ቃል የሌለው ዜማ ጀመረች። ድምፅዋ ሲወጣ ብርሃኑ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። ቀስ ብላ ስታንጎራጉር ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሽ ስትስብ ይረጋል። ዕድሜዋን ሙሉ ዘምራ ድምፅዋን በዓይኗ ያየችው ያን ቀን ነው። ስትጨርስ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር።

«የኔ ነው ይሄ?»

«ያንቺ ነው» አለ ቃለአብ። እሱም የሚያየው አምፖሉን አልነበረም። «ሁሌም እንዲህ ነበር። የሚያሳይሽ ጠፍቶ ነው እንጂ።»

በዚያው ቀን ኳየሩ ከመምጣቱ በፊት ከማይኩ ገመድ ጫፍ ላይ የሬዲዮውን ሞገድ የምታግድ አንዲት ጥቁር ብረት አሰረ። ስፒከሩም ዝም አለ። ቃለአብ ድምፁ ስፒከሩ ውስጥ መግባቱን እንጂ ምን እንዳስከተለ አያውቅም፤ ኤልሳቤትም አልነገረችውም። ልትነግረው ስንቴ አፏን ከፍታ ስንቴ መልሳ ዘጋችው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «ጌታ ተናገረኝ» ብላ ያለቀሰችለት ድምፅ የሽሮ ድስት የሚያማስል ልጅ መሆኑን እንዴት አድርጋ በአፏ ታውጣው?

ቅዳሜ ቅዳሜ ጸሎት ሳይጀመር ጣሪያው ላይ መውጣት ለመደች። ቫልቮቹ እስኪሞቁ አብረው ይጠብቃሉ። ከዚያ ቃለአብ ይጣራል፤ ከብዙ ሹክሹክታና ጉርምርምታ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ብቅ ይላል።

«ልጄ ቃለአብ፣ እንዴት ዋልክ? ድምፅህ ዛሬ ጥርት ብሏል። ኦቨር።»

«ያለ ኔትወርክ፣ ያለ ኢንተርኔት ባንድል... በምን በኩል ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን።

«ወደ ሰማይ ይወጣል። ሰማዩ ይመልሰዋል።»

«እንዲሁ?»

«እንዲሁ። ስንት ዓመት ሠርቼው እስካሁን ይገርመኛል።»

ኤልሳቤት ቀና ብላ ሰማዩን አየችው። የሁልጊዜው የሳውዝ ሲ ሰማይ ነው፣ አውሮፕላን ይወርድበታል፣ ደመና አለው። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ባዶ አልመሰላትም። ቃለአብን መውደዷን ያወቀችው ያኔ ነው፤ ሰማዩን እያየች እጁን ይዛ ራሷን አገኘችው።

አንድ እሑድ ቃለአብ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ከፕሮግራም በኋላ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሻይ እየቀዱለት ስፒከሩን አሳዩት።

«በዚህ ነበር ጌታ የተናገረን፣ ልጄ። እዚያው ይቆዩ፣ አይሂዱ አለ። ኤልሲ ጄኔቫን የሚያህል ሥራ የተወችው በዚያ ቃል ነው።»

ቃለአብ ሻዩን ሳይጠጣ አስቀመጠው።

ከዚያ ስልኩን አላነሳም። ቅዳሜ ኤልሳቤት ቀና ስትል ጣሪያው ላይ ሽቦው የለም። ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ኪሌሌሽዋ ድረስ ሄደች። ካቆመው ሊፍት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ሽቦው የት ሄደ?»

«አወረድኩት።» ቀና አላለም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነው።»

«ሽሮ እያማሰልኩ ሕይወትሽን አበላሸሁት።»

«ቃልዬ...»

«ቦታው ካልተያዘ ሂጂ። የኔን ድምፅ ሰምታ ከመንገዷ የቀረች ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ማየት አልችልም።»

«ስለ እኔ የምትወስነው አንተ ነህ?»

«አንድ ጊዜ ሳላውቅ ወስኛለሁ። አሁን አውቄ እየመለስኩት ነው።»

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ እያለቀሰች ተመለሰች። አጠገቧ የተቀመጠች የማታውቃት ሴት «ፖሌ፣ ዳዳ»፣ አይዞሽ እህቴ ብላ ሶፍት ሰጠቻት። በነጋታው አለቃዋን ጠየቀቻቸው። ቦታው አልተያዘም፤ በሚመጣው ሰኞ ብትመልስ ይደርሳል አሏት። ስለዚህ ያው ጥያቄ እንደገና ፊቷ ቆመ፤ ልትሂድ ወይስ ልትቀር። ተንበረከከች። የሚመልስላት ድምፅ የለም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሸሸችው ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት።

ለቃለአብ ጻፈችለት። «እሑድ ና። ሰምተኸኝ ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ።»

እሑድ ለምስክርነት እጇን አወጣች። ማይኩን ስትይዝ ቃለአብ በሩ አጠገብ ቆሞ አየችው።

«ባለፈው እዚህ ቆሜ የነገርኳችሁ እውነት አልነበረም። መዋሸቴ አይደለም፣ ተሳስቼ ነው። ያ ድምፅ የጌታ አልነበረም። የጎረቤት ነው። በእጁ የሬዲዮ ማስተላለፊያ የሠራ ልጅ ናኩሩ ካሉ ሽማግሌ ጋር ሲያወራ ነው ስፒከራችን የለቀመው።»

 እናቷ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«አንቱ ሲለኝ እንኳ መጠርጠር ነበረብኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ሳቁ እየተያያዘ መድረኩ ድረስ መጣ፣ ፓስተሩንም ሳይቀር ያዛቸው። ኤልሳቤት አልሳቀችም፤ እስኪያበቁ ጠበቀች።

«ቦታው አሁንም አለ። ነገ መልስ እሰጣለሁ። አልሄድም። ያኔም መሄድ አልፈልግም ነበር። እናንተ በደስታ ስታለቅሱልኝ አልፈልግም ማለት ፈራሁ፤ ጌታ እንዲልልኝ ለመንኩት። ጥፋቴ ይሄ ነው። አሁን ማንም አላለኝም። እኔ ነኝ ያልኩት። እናቴን፣ መዝሙሬን፣ ይሄን ከተማ እወዳለሁ። ደግሞ... አንድ ሰው እወዳለሁ።»

ፓስተሩ ወደ በሩ አዩ። ማይኩን ተቀብለው ለቃለአብ ይዘውለት ሄዱ። ከናኩሩ ጋር ያለ ፍርሃት የሚያወራው ልጅ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ላብ አጠመቀው።

«ኤልሲ...» አለ። ማይኩ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማል። «አትሂጂ። አሁን ለአንቺ ነው የምለው።»

ከዚያ በኋላ ሽቦው ጣሪያው ላይ ተመለሰ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግን ተቀይመዋል። በስፒከር ለመጣ ሰው ግንባራቸውን መሬት ያስነኩት እሳቸው ናቸዋ። «ወገን ካለው ሽማግሌ ይላክ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቃለአብ እናት አባት የለውም፤ ናይሮቢ ውስጥ አጎት የሚለውም የለው። ያለውን አንድ ሰው በሬዲዮ ጠራ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ባንታየሁ በማታቱ መጡ። ነጭ ዱላ የያዙ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ቃለአብ እነ ኤልሳቤት በር ላይ ሲያያቸው ደነገጠ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዓይናቸው እንደማያይ አንድም ቀን አልነገሩትም።

ኤልሳቤት ወጥ ቤት በር ጀርባ ቆማ ትሰማለች።

«ልጁን ከየት ነው የሚያውቁት?» አሉ ማንጠግቦሽ ኮስተር ብለው።

«መልኩን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ እህቴ። እጁን የጨበጥኩት ዛሬ እናንተ ደጅ ላይ ነው።»

«ታዲያ በምን ሊመሰክሩለት መጡ?»

«ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ሰው የምለየው በድምፁ ነው። ይህን ልጅ ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ሰምቼዋለሁ። ሲከፋው ሰምቼዋለሁ፣ ሲታመም ሰምቼዋለሁ፣ ብቻውን ሲበላ ሰምቼዋለሁ። ሲዋሽ ግን ሰምቼው አላውቅም። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ድምፁ ተለወጠብኝ። ምን አግኝተህ ነው ብዬ ስጠይቀው የልጅዎን ስም ነገረኝ። ስጡት፣ እህቴ።»

 ቃለአብ ምንጣፉን እያየ ነው። ማንጠግቦሽ አዩት፣ አሁንም አዩት፤ በመጨረሻ ሻርፓቸውን ከትከሻቸው ሰበሰቡ።

«ጌታ በማን አፍ እንደሚናገር እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ኤልሳቤት በሩን ገፍታ ወጣች። ጋሽ ባንታየሁ የእግሯን ኮቴ ሰምተው ከወንበራቸው ተነሱ።

«እስቲ አንዴ ተናገሪ፣ ልጄ።»

«ጋሽዬ...» አለች።

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉና ፊቷን አቀፉት።