የቢረሳው እንቁላል

ሠርክአዲስ ባምላኩ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ጠባብ ቁርስ ቤት ነበረቻት። ቤቷ ከአራት ጠረጴዛ በላይ አትይዝም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ያ የድሮ ቤተ መንግሥት ድራማ በድጋሚ ሲታይ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ለማየት ሰው በር ላይ ቆሞ ይጋፋል።

የእቴጌዋ ቀሚስ፣ የደጃዝማቹ ቁጣ፣ የደንገጡሯ ተንኮል በከተማው ያልተወራበት ቤት የለም። ሠርክአዲስ ደግሞ ከወሬው አልፋ በእጇ ሠራችው። እንቁላል ቀቅላ ለሁለት ትከፍልና አስኳሉን አውጥታ በቅመም ታሸዋለች፤ ከዚያ መልሳ ነጩ ውስጥ ትሞላዋለች። በቀይ ሥር የቀላው እቴጌዋ ነው። ሰናፍጭና ሚጥሚጣ የገባበት ደጃዝማቹ። ላዩ ለስላሳ ሆኖ ከሥሩ ቃሪያ የተደበቀበት ደንገጡሯ ናት፤ እሷን የበላ ሁሉ ትንሽ ቆይቶ ውኃ ይጣራል። በጾም ቀን ሻይና ፓስቲ ብቻ ነው የምትሸጠው። በፍስክ ቀን ግን ትሪው እኩለ ቀን ሳይደርስ ባዶ ይሆናል።

እንቁላሉን የሚያመጣላት ወንዳወቅ ይባላል። ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ከእናቱ ጋር ዶሮ እያረባ ይኖራል። የተገናኙት ጅጋ ገበያ ላይ ነው። ሠርክአዲስ አንድ እንቁላል አንስታ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማወቅ ጆሮዋ ሥር ስትነቀንቀው፣ ረጅሙ ልጅ ከቅርጫቱ ቀና ብሎ አያት።

«የ-የኔ እንቁላል አ-አያወራም» አላት። «እንደ ባ-ባለቤቱ ነው።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላሉን ቁርስ ቤቷ ድረስ ያመጣና ጥግ ይዞ ድራማውን አይቶ ይመለሳል።

ድራማው ውስጥ ቢረሳው የሚባል የፈረስ ጠባቂ አለ፤ ተብታባ ነው። እሱ አፉን በከፈተ ቁጥር ቤተ መንግሥቱም ቁርስ ቤቱም በሳቅ ይፈርሳል። ሠርክአዲስ መጀመሪያ ላይ በሰቀቀን ወደ ወንዳወቅ ሰረቅ አድርጋ ታይ ነበር። እሱ ግን ከሁሉም በላይ ይስቃል። አንድ ቅዳሜ እንዲያውም እናቱ የናጡትን ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልሎ አመጣላት።

«ለ-ለቢረሳውም ሥ-ሥሪለት እንጂ። ም-ምን በደለ?»

በቅቤና በጨው አሽታ፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሳበት ሠራችለት። ስሙንም ቢረሳው አለችው።

ዝናብ አባርቶ ሰው በተበተነበት አንድ ማምሻ፣ ወንዳወቅ ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ሳይሄድ ቆመ። ሠርክአዲስ ጠረጴዛ ትወለውላለች።

«አ-አንቺን ያ-ያየሁ ቀን...» አለና ምላሱ ተያዘ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። እሷም መወልወሏን ተወች። «እ-እስከ ሌላው ቅ-ቅዳሜ ይበቃኛል።»

እንዲህ ያለ ነገር ማንም ብሏት አያውቅም። ዞር ብላ ንጹሑን ጠረጴዛ እንደ ገና ወለወለችው።

«መልሴን ቅዳሜ እነግርሃለሁ» አለች፣ ፊቷን ሳታሳየው።

ያ ቅዳሜ የሕሊና የምርቃት ድግስ ሆነ። ሕሊና አብሮ አደግ ጓደኛዋ ናት፤ አባቷ ቡሬ ትልቅ ድግስ ደግሰው ነበርና የድራማውን እንቁላሎች ሠርክአዲስን አዘዘቻት። ወንዳወቅ ሊያግዛት አብሯት ሄደ። ሚኒባስ ውስጥ ትሪ ትሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እኩል ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር።

«መ-መልሱስ?» አላት ቡሬ ሲደርሱ።

«ስንመለስ» አለችው። መልሷን ታውቀው ነበር። እሱም ሳያውቀው አልቀረም።

ድንኳኑ ውስጥ የሕሊና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞች ትሪውን ከበው ስልካቸውን ደቀኑበት።

«ይቺ ሐምራዊዋ እቴጌዋ ናት አይደል? ወይኔ ስታምር!»

«ኡፍ! ደጃዝማቹ አፍንጫዬን አቃጠለኝ!»

ለቁርስ ቤት ልጅ እንዲህ ያለ ሙገሳ ብርቅ ነው። ሠርክአዲስ ራሷ ዞረ። ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ታወራለች፤ የሰዎቹን አነጋገር እየተከተለች የራሷን ረሳችው።

«ይሄኛው ደግሞ ማነው?»

«እሱ ቢረሳው ነው።»

ሳቅ ፈነዳ። ጥፍሯን የወርቅ ቀለም የተቀባች አንዲት ልጅ ወደ ግቢው በር አሻግራ አየች። «ቢረሳውማ እዚያ ቆሟል! ያ ትሪ ይዞልሽ የመጣው። ስሙን ብጠይቀው እስካሁን አልጨረሰም እኮ። ፍቅረኛሽ ነው እንዴ?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ኧረ በማርያም!» አለች ሠርክአዲስ። «እንቁላል አምጪዬ ነው!»

ይኸው በበቃ ነበር። ግን ሳቁ ጣፈጣት። «ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ?» አለችና ትከሻዋን አጎበጠች፤ አገጯን ወደ ደረቷ ሰበረች፤ ልክ እሱ ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ዓይኗን ጨፈነች።

«አ-አ-አንቺን ያ-ያ-ያየሁ ቀን፣ እ-እስከ ሌላው ቅ-ቅ-ቅዳሜ...»

ሳቁ ድንኳኑን ሞላው። ሕሊና ብቻ አልሳቀችም። የምታየው ከሠርክአዲስ ትከሻ በላይ ነበር።

ዞር ብትል ወንዳወቅ ሁለተኛውን ትሪ ይዞ ቆሟል።

አልተቆጣም። የሰው ቤት ተሳስቶ እንደገባ ሰው ነበር የሚመስለው። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠና ወጣ። ሠርክአዲስ ልትከተለው ይገባ ነበር። ሰው ስለሚያያት አልተከተለችውም። ድግሱ እስኪያልቅ ፈገግ ብላ ቆመች፤ ጉንጯ ደነዘዘ።

ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ «አመመሽ እንዴ ልጄ?» አሏት። «አዎ» አለች፤ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

ባለወርቅ ጥፍሯ ልጅ ቀርጻት ኖሯል። ሠርክአዲስ ደውላ ለምና አስጠፋቻት፤ ግን ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ተላልፎ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ለተሳፋሪው «እስከ ቅ-ቅዳሜ!» ይላል። ወንዳወቅ በቅዳሜው አልመጣም። ስልኩንም አያነሳም።

በጅጋ ገበያ ቀን ልትፈልገው ሄደች። ከሩቅ አየችው፤ ቅርጫቱ ፊት ለፊቱ ነው። ሁለት ጎረምሶች በአጠገቡ ሲያልፉ አንደኛው ዓይኑን ጨፍኖ «አ-አንቺን ያ-ያየሁ ቀን» አለ። ወንዳወቅ አንገቱን ደፍቶ ጭዱን አስተካከለ።

«ተዉ!» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ቢያውቋትስ? ያቺ ናት ቢሏትስ? አንድ ሱቅ ጀርባ ተደበቀች። ጎረምሶቹ አልፈው እስኪሄዱ የቆርቆሮውን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ቡሬ ላይ ከሠራችው ይልቅ ይህ ባሰባት። ያኔ ሳቁ አዞራት እንበል። አሁንስ ምን አዞራት?

ነጠላዋን ለብሳ ወደ መንደሩ የሄደችው በማግስቱ ነው። እናቱ ወይዘሮ እማዋይሽ ደጅ ላይ ጤፍ ይለቅማሉ። ቀና ብለው አይተዋት ሰፌዳቸውን አላስቀመጡም።

«እንደምን ዋሉ እትዬ እማዋይሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንቁላል ፈልገሽ ከሆነ ልጄ፣ ሰሞኑን ዶሮዎቹ ዝም ብለዋል» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ቤቱም ዝም ብሏል» አሉ።

የተናገሩት ገባት። «እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት» አለች።

ሴትዮዋ ሰፌዳቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ጓሮ ጠቆሟት።

ወንዳወቅ የዶሮ ቤቱን ሽቦ ይጠግናል። ድምፅዋን ሰምቶ አልዞረም።

«ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት።»

ፒንሳው ሽቦውን ሲቆርጥ ተሰማ።

«ቢ-ቢረሳው ብትይኝ አ-አይከፋኝም ነበር» አለ በመጨረሻ። «እኔም እ-እሱን እያየሁ እስቃለሁ። ያ-ያንን ግን...» ቃሉ ጠፋው፤ ሽቦውን ለቀቀው። «ለ-ለሰው አልነበረም የነገርኩሽ። ላ-ላንቺ ነበር።»

ሠርክአዲስ በመንገዷ ሁሉ ስታጠና የመጣችውን ይቅርታ ረሳችው።

«አፍሬብህ ነው» አለችው። «ሰው እንዳይስቅብኝ ቀድሜ ሳቅሁብህ። ትናንት ገበያ ውስጥ ሲሰድቡህ ነበርኩ። ሱቅ ጀርባ ተደበቅሁ። ይህንንም እወቀው ብዬ ነው።»

ዞሮ አያት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሂጂ» አላት። «ይ-ይመሽብሻል።»

ሄደች። ወይዘሮ እማዋይሽ እስከ አጥሩ ሸኟትና «በደኅና ግቢ» አሉ።

ለቀናት ትሪው ባዶ ሆነ። ሰው «እቴጌዋስ?» ሲላት «አልቋል» ትላለች። ስሙን ለመጥራት እንኳ የሚቸገረው ወንዳወቅ መንገድ ላይ በራሱ ቃል ሲሰደብ፣ እሷ ባንኮኒዋ ጀርባ ቆማ ሻይ መቅዳቷ እንቅልፍ ነሳት። አንድ ጠዋት ቤቱን ሳትከፍት ስልኳን ከስኳር ዕቃው አስደግፋ ቆመች።

«ሠርክአዲስ እባላለሁ» አለች። «ያ የምትስቁበት ንግግር ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው ለእኔ ብቻ የነገረኝ ነው። እኔ ነኝ ቀልድ ያደረግሁት። የሚታፈርበት ሰው ካለ እኔ ነኝ። መልስ እነግርሃለሁ ብዬው ነበር፤ አልነገርኩትም። መልሴ...» ውኃ ጠጣች። «መልሴ እኔም እንዲሁ ነው። እኔም ቅዳሜን ስጠብቅ ነው የምሰነብተው።»

የቀረጸችውን ለቀቀችው። ሴት ልጅ በአደባባይ፣ ሽማግሌ ሳይላክባት፣ እንዲህ አለች። ከተማው አሁን ደግሞ በእሷ ሳቀ። ቁርስ ቤቷ ገብተው አይተዋት ብቻ የሚወጡ ነበሩ። ልብስ ሰፊው አባቷ ጋሽ ባምላኩ፣ ቪዲዮውን ደንበኛ አሳይቷቸው፣ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ከሱቃቸው ወጡ። እቤት ሲገቡ አልጮሁባትም። ከዚያ ቀን ጀምረው ግን አላነጋገሯትም። ያቀረበችውን ይበሉና «ተመስገን» ብለው ይነሳሉ። ቢመቷት በተሻላት ነበር።

ወንዳወቅ የመጣው ካሰበችው ዘግይቶ ነው። ቅዳሜም አልነበረም። ሙሉ ቅርጫቱን ባንኮኒው ላይ አኖረ።

«ቪ-ቪዲዮውን አየሁት።»

«እና?»

«ደ-ደግሜ አየሁት።»

ልትስቅ ፈልጋ አለቀሰች። እሱ ማልቀሷን አልከለከላትም። እንባዋ ሲያበቃ «አ-አልረሳሁትም» አላት። «እ-እንዲህ ቶሎ አይረሳም። ግን መ-መቅረት አቃተኝ።»

«አትርሳው» አለችው። «ብቻ አትቅር።»

ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን ቀጠለ። አንዳንዴ ጨዋታ ተጀምሮ ድንገት ፊቱ ይጠቁራል፤ ምን ትዝ እንዳለው ስለምታውቅ አትጠይቀውም። አጠገቡ ትቀመጣለች። ጥምቀት አልፎ የሠርግ ወራት ሲገባ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገራት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንጋፋው አቶ ሃይለ ሚካኤል ናቸው። እንደ ልማዱ ጋሽ ባምላኩ ተቀመጡ እስኪሏቸው ቆሙ። ባልተለመደ ሁኔታ ግን ወንዳወቅም ተከትሏቸው ገባ። ሠርክአዲስ ከመጋረጃው ጀርባ ታየዋለች።

ጋሽ ባምላኩ ፊታቸውን አጠቆሩ። «ጠያቂው ራሱ አብሮ የሚመጣው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ተው ብለነው ነበር» አሉ አቶ ሃይለ ሚካኤል አፍረው። «አሻፈረኝ አለ።»

«እ-እኔ ራሴ ል-ልናገር ብዬ ነው አባቴ» አለ ወንዳወቅ። ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ፊት ራመድ አለ። «ል-ልጅዎን... ሠ-ሠ-ሠ...»

ተያዘ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። አንዱ ሽማግሌ መሬት መሬቱን አየ። አቶ ሃይለ ሚካኤል ሊያግዙት አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ባምላኩ እጃቸውን አነሱ።

«ተዉት» አሉ። ከልጁ ፊት ዓይናቸውን አላነሱም። «ቀስ በል ልጄ። እኛ ምን አስቸኮለን?»

ሠርክአዲስ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት እንዲህ አትወጣም፤ ፊቷ እንደ እሳት ይነድዳል። አባቷ አዩዋት። ሽማግሌዎቹም አዩዋት። ወደ ኋላ አልተመለሰችም። ከወንዳወቅ ጎን ቆማ፣ ስሟን ጠርቶ እስኪጨርስ ጠበቀችው።