ባለቁልፉ

በቴሌቪዥን በየሳምንቱ የሚቀርበው የአጫጭር ቀልዶች ፕሮግራም ዋና ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ቀልዶቹን ተሰብስበን የምንጽፍበት ጠረጴዛ አንድ ሕግ ነበረው፤ እዚያ የተወራ ሁሉ የፕሮግራሙ ነው። ከተዋንያኑ አንዱ የሆነው እሱ ግን የአባቱን ነገር ጠረጴዛው ላይ አልነገረኝም። ልምምድ ጨርሰን ደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ ትከሻችን ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው ነው የነገረኝ።

«አባዬ ከቤት ሲወጣ ሦስት ጊዜ ይመለሳል» አለኝ። «በሩን ገፋ ያደርግና ‹ቁልፉን ይዘሻል?› ይላል። እማዬ ከሞተች እኮ ሁለት ዓመት አልፏታል።»

አንገቴን ደፋሁ። ያዘንኩ መስሎት እጄን ያዘኝ። እኔ ሆዬ በልቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

ሰኞ ጽሑፉን አቀረብኩ፤ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ በር ላይ የሚመላለስ ሽማግሌ። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ከተዋንያኑ ሁሉ መርጬ ሚናውን ለእሱ ሰጠሁት። ወረቀቱን አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።  ያ አስተያየቱ ዛሬም ይከተለኛል።

ተመልካች «ባለቁልፉ ይደገም» አለ። ሃያ ሁለት ሳምንት ቀረበ። ሃያ ሁለት ሳምንት ሙሉ አባቱን ሆኖ ተጫወተልኝ፤ ደረጃው ላይ መቀመጡን ግን ተወው።

አንድ ቀን መዋቢያ ክፍል ገብቼ «ለምን እምቢ አላልክም?» አልኩት።

«አለቃዬ ነሽ። ደግሞ ስትስቂ ደስ ይለኝ ነበር።»

«አባትህስ ያዩታል?»

«አንድም ቀን አምልጦት አያውቅም። ራሱ መሆኑን ግን አላወቀም።» የተቀባውን ሽበት እየጠረገ ነበር። «ትናንት ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ምስኪን ሰውዬ፤ ምነው አንድ ሰው እንኳ ቢመልስለት?›»

መግቢያ ቀዳዳ ጠፋኝ።

ባለቁልፉን ላቆመው ነው ስለው የጣቢያው ኃላፊ «የምትታለብ ላም ታርጃለሽ?» አለኝ። አረድኳት። የመጨረሻውን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ሳላቀርብ ብቻዬን ጻፍኩት። ሽማግሌው ለሦስተኛ ጊዜ ይመለሳል፤ በሩን ገፋ አድርጎ ይጠይቃል። ከውስጥ የሴት ድምፅ «ይዣለሁ፤ አንተ ቅደም» ይለዋል። ባርኔጣውን አስተካክሎ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አይመለስም።

ድምፁ የእኔ ነበር። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ተናገርኩት። በቀረጻው ማንም አልሳቀም።

በተላለፈ ማግስት ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

«አባዬ ‹እሰይ› ብሎ ቴሌቪዥኑን አጠፋው» አለኝ። «ሌላ ምንም አላለም።»

«ይቅር በለኝ።»

«ገና ነኝ» አለ። «እየሞከርኩ ነው።»

እንዲያም ሆኖ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ አብረን ወረድን። መውጫው በር ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ቁልፉን ይዘሻል?» አለኝ፤ በሽማግሌው ድምፅ አይደለም፣ በራሱ ድምፅ።

ኪሴን ዳበስኩ። የቢሮዬን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ረስቼዋለሁ። ውሸት መናገር አቃተኝ።

«አልያዝኩም» አልኩት።

አብረን ተመለስን።